አክተሩ ለምን ሞተ? ስለ ምርጥ ፊልሞች እና ስለ ወዳጆች ክርክር

(በፊልም ወዳጆች የቅዳሜ ምሽት ላይ ከተደረገ ንግግር የተገለበጠ። ከመጠነኛ እርማት በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ የተቀመጣችሁትስ፣ ድምፄ ይደርሳል? ይደርሳል ካላችሁ መልካም። በሩ አጠገብ የቆማችሁ ወጣቶች፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑና ተቀመጡ። አስተማሪ ነኝና ሰው ከፊት ወንበር ሲሸሽ ማየት ለምጃለሁ፤ ዛሬ ግን ፈተና የለም።

አዘጋጆቹ «ስለ ፊልም ይናገሩልናል» ብለው ሲጋብዙኝ አመንትቼ ነበር። እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ካሜራ ይዤ አላውቅም፤ ድርሰት ጽፌም አላውቅም። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ያለኝ ሀብት አንድ ነው፦ ለብዙ ዓመታት በአንድ ቡና ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከወዳጆቼ ጋር ስለ ፊልም ስከራከር ኖሬአለሁ። ስለዚህ ስለ ፊልም ሳይሆን ስለ ክርክሩ ልናገር ብያቸው ተስማማን።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። «የምንጊዜም ምርጥ ፊልሜ ይህ ነው» የምትሉት አንድ ፊልም ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። መልካም፤ አዳራሹ በሙሉ ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው የሚወደውን ፊልም ሲነግራችሁ «እንዴ! እሱን?» ብላችሁ የምታውቁ? አያችሁ፣ እጅ ከማውጣት ይልቅ ሳቃችሁ። ሳቁ ይበቃኛል።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ስለ ምርጥ ፊልም ተከራክረን ለምን አንስማማም? ሁለተኛ፣ ስንከራከር በእርግጥ የምንከራከረው ስለ ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ክርክሩ እንዲጣፍጥ ምን እናድርግ? ሦስተኛው ላይ ጊዜ ካጠረኝ ሰብሳቢያችን ይቅር ይበሉኝ። ዓመተ ምሕረት ስጠራም በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ፤ የፊልም ታሪክ የተጻፈው በዚያ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ጠረጴዛችንን ላስተዋውቃችሁ። ሦስት ነን። አንዱ መካኒክ ነው፤ የከባድ መኪና ሞተር አውርዶ የሚጭን፣ ከጥፍሩ ሥር ግራሶ የማይጠፋ፣ ሲናደድ ድምፁ ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ የሚል ሰው። ሌላዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ በዕድሜ ታላቃችን ስለሆኑ እትዬ እያልን እንጠራቸዋለን። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የመካኒኩ ምርጥ ፊልም «ሾላይ» ነው፤ በ1975 የወጣው የራሜሽ ሲፒ የሕንድ ፊልም። የእትዬ ምርጥ ፊልም የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው፤ በ2008 የወጣው። የእኔ ደግሞ «የብስክሌት ሌቦች» ነው፤ የጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ የ1948 ሥራ። እንግዲህ ፍረዱ! እነዚህን ሦስቱን በአንድ ሚዛን ላይ ማን ያስቀምጣቸዋል?

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ብዙ ሰው «እኛ የማንስማማው ስለማናውቅ ነው፤ ሊቃውንቱ ቢጠየቁ ይስማማሉ» ይላል። ሊቃውንቱ ተጠይቀዋል። የብሪታንያ የፊልም ኢንስቲትዩት የሚያሳትመው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የፊልም ሐያስያንን ይጠይቃል። እያንዳንዱ አሥር ፊልም ይሰጣል፤ ድምፁ ተቆጥሮ ዝርዝሩ ይወጣል። በ1952 አንደኛ የወጣው ማን መሰላችሁ? የእኔ «የብስክሌት ሌቦች»! (መካኒኩ እዚያ ተቀምጦ ራሱን ሲነቀንቅ ይታየኛል።) በዚያ ዓመት የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ከአሥሩ ውስጥ እንኳ አልነበረም። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን አንደኛ ሆነና እስከ 2012 ድረስ ለሃምሳ ዓመት ከዙፋኑ የሚያወርደው ጠፋ። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» አወረደው፤ ያ ፊልም በ1958 ሲወጣ ከሐያስያኑ ያሞገሰውም የነቀፈውም ነበር። በ2022 ደግሞ ከ1,600 በላይ ሰዎች ተጠይቀው አንደኛ ያደረጉት የቤልጂየማዊቷን የሻንታል አከርማንን «ዣን ዲልማን» ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሴት ዳይሬክተር ሥራ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ቆጠራ ሠላሳ ስድስተኛ ነበር።

ልብ በሉ። ፊልሞቹ አልተለወጡም። አንድ ምስል አልተጨመረባቸውም፣ አንድ ቃል አልተቀነሰባቸውም። የተለወጠው ተመልካቹ ነው፤ የሚጠየቀው ሰው ማንነትና ብዛት ነው።

ይህን ለመካኒኩ ስነግረው ምን አለኝ? «ዣን ዲልማን ስለ ምንድን ነው?» አለኝ። በብራስልስ ከልጇ ጋር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ሦስት ቀን እናያታለን፤ ድንች ትልጣለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ጫማ ትወለውላለች አልኩት። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አልኩት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መቼ ነው የወጣው?» ሲለኝ ነው እኔም ልብ ያልኩት፦ በ1975! እንደ ሾላይ! ሁለቱም በአንድ ዓመት የወጡ፣ ሁለቱም ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጁ ናቸው። በአንዱ ጥይት ይዘንባል፤ በሌላው ድንች ይላጣል። ይኸው የዚያ ዓመት ፊልም ማለት ሁለቱም ነበሩ።

እና ሾላይን አትናቁት። ሾላይ ሲወጣ ጋዜጦቹ አላሞገሱትም፤ ገበያውም መጀመሪያ ላይ ቀዝቅዞ ነበር። የሕንዶቹ ታዋቂ የፊልም ሽልማት ፊልምፌር በዚያን ጊዜ የሰጠው አንድ ሽልማት ብቻ ነው፤ የቅንብር። ሰው ለሰው እየተነጋገረ ግን ቦምቤይ በሚገኘው ሚነርቫ ሲኒማ ቤት ከአምስት ዓመት በላይ ታየ። በ2005 ያው ፊልምፌር ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር የሃምሳ ዓመቱ ምርጥ ፊልም ብሎ የሸለመው ማንን ነው? ሾላይን! ሲወጣ ምርጥ ፊልም ያላለውን በሃምሳ ዓመት ውስጥ ወደር የለውም አለ። እንግዲህ ዳኞቹ ከራሳቸው ጋር ካልተስማሙ እኛ ምን አጠፋን?

አሁን ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ሒሳብ ፍቀዱልኝ። አትፍሩ፣ ቀላል ነው። አንድ ማታ ጠረጴዛችን ላይ «ድምፅ እንስጥና ይለቅ» ተባባልን። በወረቀት መሐረብ ላይ ሦስታችንም ሦስቱን ፊልሞች በቅደም ተከተል ጻፍን። እኔ ሌቦችን አንደኛ፣ ጤዛን ሁለተኛ፣ ሾላይን ሦስተኛ አልኩ። መካኒኩ ሾላይን አንደኛ፣ ሌቦችን ሁለተኛ፣ ጤዛን ሦስተኛ አለ። እትዬ ጤዛን አንደኛ፣ ሾላይን ሁለተኛ፣ ሌቦችን ሦስተኛ አሉ። አሁን ሁለት ሁለቱን እናወዳድር። ከሌቦችና ከጤዛ ማን ይበልጣል? እኔና መካኒኩ ሌቦች እንላለን፤ ሁለት ለአንድ፣ ሌቦች አሸነፈ። ከጤዛና ከሾላይስ? እኔና እትዬ ጤዛ እንላለን፤ ሁለት ለአንድ፣ ጤዛ አሸነፈ። ታዲያ ሌቦች ጤዛን ከበለጠ፣ ጤዛም ሾላይን ከበለጠ፣ ሌቦች ሾላይን ይበልጣል ማለት ነው አይደል? ቆይ! ከሾላይና ከሌቦችስ? መካኒኩና እትዬ ሾላይ ይላሉ! ሁለት ለአንድ፣ ሾላይ አሸነፈ!

ክቡ ዞሮ ገጠመ። እያንዳንዳችን በየራሳችን አእምሮ ቅደም ተከተሉን በሥርዓቱ አስቀምጠናል፤ ሦስታችን አንድ ላይ ስንሆን ግን ሁሉም ሁሉን ያሸንፋል፣ ሁሉም በሁሉ ይሸነፋል። ይህን እኛ የቡና ቤት ሰዎች አልፈለሰፍነውም። ኮንዶርሴ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ በ1785 ጽፎታል፤ እርሱ የጻፈው ስለ ምርጫ ነው፣ ፊልም ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ ቤታችሁ ሄዳችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሳትስማሙ ስትቀሩ «ግትር» አትባባሉ። ግትር ሰው ባይኖርም ላትስማሙ ትችላላችሁ። የቡድን ምርጥ ፊልም የሚባል ነገር አንዳንድ ጊዜ ጭራሽ የለም። ይህ አንደኛው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ለእኔ ዋናው እርሱ ነውና። ስንከራከር የምንከራከረው ስለ ምንድን ነው?

መካኒኩ ሾላይን ያየው በልጅነቱ፣ በሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ነው። በዕድሜ የሚመስሉኝ ቪዲዮ ቤትን ታውቃላችሁ። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ፤ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም፣ ከሥሩ «የሕንድ» ወይም «ካራቴ»። በውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ቴሌቪዥን፣ ከላዩ ዴክ። ካሴቱ ካረጀ ምስሉ ሲዘልና ሲሸረፍ ባለቤቱ ዴኩን ከፍቶ በአልኮል የተነከረ ጥጥ ያሻሽበታል፤ እኛ እናፏጫለን። በቪዲዮ ቤት ደግሞ አንድ የማይሻር ሕግ አለ። ምንድን ነው? (ከአዳራሹ፦ «አክተሩ አይሞትም!») አዎ! አክተሩ አይሞትም! ይመታል፣ ይደማል፣ ከገደል ይወድቃል፣ አይሞትም።

በሾላይ ሁለት አክተሮች አሉ፤ ቪሩ እና ጃይ። ዳርሜንድራ እና አሚታብ ባቻን። ሁለት ሌቦች ናቸው፣ ወዳጆች ናቸው፤ ታኩር የተባለ የመንደር ባላባት ጋባር የተባለውን ሽፍታ እንዲይዙለት ቀጥሯቸዋል። ምን ይደረግ ተብሎ ሲቸገሩ ጃይ ሳንቲም ይወረውራል፤ አንበሳ ወይስ ሰው እንደምንለው ማለት ነው። ሳንቲሙ ያለውን ያደርጋሉ። መጨረሻ ላይ ሽፍቶቹ ሲከቧቸው አንዱ እዚያው ድልድዩ ጋ ቀርቶ መከላከል፣ ሌላው ሄዶ ማምለጥ አለበት። ጃይ ሳንቲሙን ወረወረ። የመቅረቱ ዕጣ ለጃይ ደረሰ። ቆሰለ፤ ሞተም። አሚታብ ባቻን ሞተ!

መካኒኩ ይህን ሲተርክ እስካሁን እጁ ይነሳል። «ቪዲዮ ቤቱ ጸጥ አለ» ይላል፤ «ማፏጨት የለ፣ ምን የለ። አንድ ልጅ 'ቆይ፣ ይነሳል' አለ። አልተነሳም።» ከዚያ ቪሩ ሳንቲሙን ያነሳዋል፤ ይገለብጠዋል፤ ሁለቱም ፊቱ አንድ ዓይነት ነው። ዕጣ አልነበረም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲወረውር የነበረው ራሱ የወሰነውን ነው። ሊሞት የመረጠው አውቆ ነው።

መካኒኩ «መምህር፣ የአንተ ጣሊያን እንዲህ ያለ ሳንቲም አለው?» ይለኛል። እኔ ምን ልበለው? የእኔ ጣሊያን ሳንቲም የለውም። የእኔ ጣሊያን ጦርነት ባደቀቃት ሮም ሥራ ያጣ አባት ነው፤ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ አገኘ፣ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ብስክሌቱ መያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ ብስክሌቱን ታስለቅቃለች። በመጀመሪያው ቀን ሥራ ላይ እንዳለ ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ አባትና ትንሽ ልጁ ከተማውን ሲያስሱ ነው የምናየው። አባት ሆኖ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተቀነሰ። ሕይወት ከፊልሙ ላይ ኮረጀች።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አንድ ማታ አሥር አሥር ምርጥ ፊልሞቻችንን ጽፈን ተለዋወጥን። እትዬ የእኔን ዝርዝር መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ አባትና ልጅ የሌለበት ፊልም አታይም እንዴ?» አሉኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ባየው እውነት ነው! ከአሥሩ ሰባቱ የአባትና የልጅ ታሪክ ናቸው። እኔ ለካ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ኒዮሪያሊዝም፣ ተራውን ሕይወት እንዳለ ስለሚያሳየው የጣሊያኖች ስልት፣ እያልኩ ስሟገት ኖሬአለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ?

ነገርን ነገር ያነሳዋልና አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አባቴ የመጋዘን ጸሐፊ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። አለቃው ሰው ፊት ሲቆጣው፣ አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ቀና ሲል ደረስኩ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። አባቴ ዘወር ሲል አየኝ። ምንም አላለኝም፤ ምሳውን ተቀበለኝ። በየብስክሌት ሌቦች መጨረሻ አባትየው ተስፋ ቆርጦ የሌላ ሰው ብስክሌት ሲሰርቅ ይያዛል፤ ሰው ከቦ ይገፈትረዋል፣ ባርኔጣው ይወድቃል፣ ልጁ እያለቀሰ ባርኔጣውን አንስቶ ያራግፋል። ብስክሌቱ የተሰረቀበት ሰው ልጁን አይቶ ይተዋቸዋል። ሲሄዱ ልጁ የአባቱን እጅ ይይዛል። እኔ ይህን ፊልም አንደኛ የምለው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ታላቅ ዳይሬክተር ስለሆነ ብቻ ይመስላችኋል?

እትዬስ? ጤዛን ታውቁታላችሁ። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ፌስፓኮ በተባለው የዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን የወርቅ ፈረስ ያገኘ ፊልም ነው። ዋናው ባለታሪክ አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ጊዜው የደርግ ዘመን ማብቂያ ነው፤ የመንደሩ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። መካኒኩ አንድ ቀን «ጤዛ ያምራል፣ ግን ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ ዛሬ ነው ሲባል ድሮ ይሆናል» ብሎ ተቸ። እትዬ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ታናሽ ወንድሜ» አሉ፣ «ገበያ እንደሄደ በአፈሳ ተወስዶ በዚያው ቀረ። እኔ ዛሬም ገበያ ስሄድ ድሮ ይሆንብኛል። ፊልሙ የሚዘለው እንደ እኔ ጭንቅላት ነው።» ዝም አልን። እኔ ክርክሩ አለቀ ብዬ ነበር። መካኒኩ ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት እትዬ... ግን ቢሆንም ረጅም ነው» አለ። እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ፤ «የአንተ ሕንድስ አጭር ነው?» አሉት።

ይህን ሳቅ ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። የሰው ሐዘን ሲነገር ክርክሩን አቋርጦ መስማማት ቀላል ነው። ወዳጅ ግን ሐዘንህን ሰምቶም ይከራከርሃል። ብናስመስልላቸው ኖሮ እትዬ በማግሥቱ ወደ ጠረጴዛው የሚመለሱ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ወጣ ልበል። ትርጉም ፊልም አይታችሁ ያደጋችሁ አላችሁ አይደል? ተራኪው ሁሉንም ሰው ሆኖ የሚናገርበት፣ መሐል ላይ የራሱን ቀልድ የሚጨምርበት። አንድ ተማሪዬ የሚወደውን የቻይና ፊልም ሲተርክልኝ እየተንከተከተ ነበር። በኋላ ያንኑ ፊልም በራሱ ቋንቋ አየሁት፤ ቀልድ የሚባል ነገር የለበትም፣ የሐዘን ፊልም ነው! ልጁ የወደደው ተራኪውን ነው። ታዲያ ምርጫው ስህተት ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ነገር ግን ከእርሱ ጋር የሚከራከር ሰው ሌላ ፊልም ማየቱን ማወቅ አለበት።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ወሰደኝ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው፤ እፈጥናለሁ። ክርክሩ እንዴት ይጣፍጥ? ጠረጴዛችን ላይ የተለማመድናቸው ጥቂት ደንቦች አሉ።

«የትኛውን ቅጂ ነው ያየኸው?» ብሎ መጠየቅ አንዱ ነው። ሾላይ ላይ አንድ የሰፈር ሰው መጥቶ ከመካኒኩ ጋር ሊደባደብ ደርሶ ነበር። ሰውዬው «ታኩር ሽፍታውን ጋባርን በእግሩ ረግጦ ገደለው» ይላል። መካኒኩ «ፖሊስ ደርሶ አስጣለው» ይላል። እየማሉ ተገዘቱ። ሁለቱም ልክ ናቸው! ራሜሽ ሲፒ መጀመሪያ የቀረጸው ታኩር ሲገድለው ነው። በዚያን ጊዜ ሕንድ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ ሳንሱሩ ሰው ሕግን በእጁ ሲያስገባ አይታይም ስላለ ፖሊስ የሚደርስበት መጨረሻ ተቀርጾ ለሲኒማ ቤት ቀረበ። ያልተቆረጠው ቅጂ በኋላ በቪዲዮ ወጣ። ሁለት ሰዎች ሁለት መጨረሻ አይተው በአንድ ስም ሲጣሉ አስቡት።

ሌላው፣ «አሪፍ ነው»፣ «አይረባም» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው። ትዕይንት ጥራ! ምን አየህ? የት ላይ? «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» የተባለውን የሲድኒ ሉሜትን የ1957 ፊልም ያያችሁ አላችሁ? ከተራው ሕዝብ የተመረጡ አሥራ ሁለት ፈራጆች በአንድ ክፍል ውስጥ ስለ አንድ ወጣት ሞትና ሕይወት ይወስናሉ። አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ይላሉ፤ አንዱ ብቻ ቆይ እንነጋገር ይላል። ንጹሕ ነው አላለም፤ እንነጋገር ነው ያለው። «እንዲህ ያለ ቢላዋ ሌላ የለም» ሲሉት ያንኑ የመሰለ ቢላዋ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይሰካዋል። ሉሜት ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ፊልሙ ሲጀምር ካሜራው ከዓይን ከፍታ በላይ ነው፤ እየቆየ ወደ ዓይን ይወርዳል፤ መጨረሻ አካባቢ ከታች ወደ ላይ ያያል፣ ጣሪያው መታየት ይጀምራል። ሌንሱንም እየለወጠ ግድግዳውን ወደ ሰዎቹ ያስጠጋዋል። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ እኛ ግን ትንፋሽ ያጥረናል። ይህን አንድ ወዳጄ ጠቁሞኝ ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ሌላ ፊልም ሆነብኝ። «አሪፍ ነው» ብሎኝ ቢሆን ምን ይጠቅመኝ ነበር?

ሦስተኛው ደንብ ከባዱ ነው። ዝርዝርህ አሥር ብቻ ነው። አዲስ ፊልም ለማስገባት አንዱን ማውጣት አለብህ፤ የምታወጣውንም በጠረጴዛው ፊት ቆመህ ለምን እንደምታወጣው ትናገራለህ። አሥራ አንደኛ ቦታ የለም፤ «ሁሉም ምርጥ ናቸው» የሚል ሰው ያለ በርበሬ ወጥ ሠርቶ «ማንንም አያቃጥልም» ብሎ እንደሚያቀርብ ነው። እትዬ አንድ ጊዜ ለልጅ ልጃቸው ብለው አንድ የካርቱን ፊልም ሊያስገቡ ፈልገው የትኛውን እንደሚያወጡ ሲጨነቁ ሳምንት አለፈ። ያወጡት «ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳለሁ የማልደፍረውን» ብለው አንድ አስፈሪ ፊልም ነበር። ለምን መጀመሪያ እንደገባ ያን ቀን ነው የነገሩን፤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ አብረው ያዩት ነበር።

የመጨረሻው ደንብ የወዳጅህን ፊልም ከወዳጅህ ጋር ማየት ነው። ብቻህን አይደለም፤ ከእርሱ ጋር፣ አጠገቡ ተቀምጠህ። መካኒኩ የእኔን ሌቦች ለማየት እሺ ያለው ብዙ ለምኜው ነው። ጋራዡ ውስጥ ማታ፣ በእኔ ላፕቶፕ፣ ግማሽ የወረደ ሞተር አጠገብ አየነው። አልጠበቅሁም። አባትና ልጅ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ብስክሌት ገበያው ሲሄዱ ሰዎቹ ሥራ ይከፋፈላሉ፦ አንዱ ጎማ ይፈልጋል፣ አንዱ ፍሬሙን፣ ትንሹ ልጅ ደወሉንና መንፊያውን። መካኒኩ ከወንበሩ ተነሳ። «ይገባቸዋል!» አለ፤ «የተሰረቀ ዕቃ ሙሉውን አይሸጥም፤ ይፈታል!» ገበያው ላይ አንዱ ፍሬም ቀለም ሲቀባ አግኝተው ቁጥሩን አሳየን እያሉ ሲከራከሩ ደግሞ «ሻንሲ ቁጥር!» ብሎ ጮኸ። የመኪና መስታወቱ ተሰርቆበት በማግሥቱ የራሱን መስታወት ከፍሎ መልሶ የገዛ ደንበኛ እንዳለው እዚያው ተረከልኝ። እኔ ያን ፊልም ስንት ጊዜ አይቼው ስለ ፍሬሙ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ዓይኔ ልጁ ላይ ነው።

በተራዬ ሾላይን ከእርሱ ጋር አየሁ። ታኩር ሁልጊዜ ሻሉን ተከናንቦ ነው የሚታየው። ሽፍቶቹ መንደሩን ሲወሩ ጠመንጃ እግሩ ሥር ወድቆ ሳለ አንስቶ አይወረውርላቸውም፤ ቪሩና ጃይ ይቆጡታል። እኔም ተቆጣሁ። መካኒኩ ቴሌቪዥኑን ትቶ የሚያየው የእኔን ፊት ነው፤ እየጠበቀ ነው። ሻሉ ከትከሻው ወደቀ። ታኩር ሁለቱም ክንዶቹ የሉም። መካኒኩ «አሃ!» አለ፣ ፊልሙን እርሱ የሠራው ይመስል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከትዕይንቱ ይልቅ የእርሱን ደስታ ነው የማስታውሰው። ሾላይን አሁን ስንተኛ አደረግኸው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ሰውዬው እዚህ ተቀምጧል።

ሰብሳቢው በቃ እያሉኝ ነው። ወረቀቶቹ ከቀኝ በኩል መታደል ይጀምራሉ። አሥር ስም ጻፉ፤ አሥራ አንድ የጻፈ ወረቀቱ ይመለስለታል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ትዕይንት፣ በአንድ መስመር፤ የት አካባቢ እንዳያችሁትና ከማን ጋር እንዳያችሁትም ጨምሩ። ከዚያ ወረቀታችሁን ለማታውቁት ሰው ስጡና የእርሱን ተቀበሉ፤ ከሻይ በኋላ እያንዳንዱ የያዘውን የሰው ዝርዝር ይዞ ይከራከራል፤ የራሱን አይደለም። «ሾላይ» የሌለበት ዝርዝር የደረሰው ሰው ግን ከፊቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጥቁር ጃኬት የለበሰውን ሰውዬ ቀና ብሎ ባያየው ይሻለዋል። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።